ከመስቀል ማግስት ወደ ላይፕዚግ፦ ከሁሉ በፊት አድራሻ

የደረሰኝ ጥያቄ አሳጥሬ ሳቀርበው ይህ ነው። «ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው። ከስድስት ኪሎ ተመርቄ ለማስተርስ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል፤ ቪዛዬም ወጥቷል። በረራዬ በመስቀል ማግስት ሌሊት ነው። ጀርመን አገር የማውቀው ሰው የለም። የተማሪዎች ዶርም ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ክፍል ሰጥቶኛል። ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ግን ‹በዶርሙ ዋጋ ሙሉ አፓርታማ ከቴሌግራም ግሩፕ አግኝቼልሻለሁ፣ ቀብድ ላኪና ዶርሙን ተዪው› ይለኛል። እናቴ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤና ቋንጣ እያዘጋጀች ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በምን ልጀምር? ስንት ገንዘብ ልያዝ? ብርዱንስ እችለው ይሆን?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ዶርሙን እንዳትተዪው። ከዚህ በታች ከምጽፈው ሌላውን ሁሉ ብትረሺው እንኳ ይህን ያዢ።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ሁሉ የሚፈራው ብርዱንና ቋንቋውን ነው። ብርዱ በጃኬት፣ ቋንቋው በጊዜ ይለመዳል። አዲስ የገባን ሰው እጅ እግሩን የሚያስረው ግን አድራሻ ማጣት ነው። አንድ ቤት ገብተሽ መኖር በጀመርሽ በ2 ሳምንት ውስጥ የከተማው የነዋሪዎች ቢሮ ቀርበሽ መመዝገብ በሕግ ግዴታሽ ነው። ምዝገባውን አንሜልዱንግ ይሉታል፤ ቢሮው ላይፕዚግ ላይ ቡርገርቢሮ ይባላል። ተመዝግበሽ የምትቀበዪው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ይሁንና ብዙዎቹ ባንኮች ሒሳብ ለመክፈት እሱን ይጠይቃሉ። የባንክ ሒሳብ ከሌለሽ ብሎክድ አካውንት (ለቪዛው ሲባል የሚከፈት ዝግ ሒሳብ) ውስጥ ያስቀመጥሽው ገንዘብ በየወሩ የሚለቀቅበት ቦታ አያገኝም። የመኖሪያ ፈቃድ ስታመለክቺም እሱን ያያሉ፤ የግብር መለያ ቁጥርሽም ሳትጠይቂ በፖስታ የሚመጣልሽ ከተመዘገብሽ በኋላ ነው። እዚህ አንድ ሰው ክፍለ ከተማ ሲቀይር ያለ መሸኛ የሚሆንለት ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ እንደዚያ አድርገሽ አስቢው።

ለመመዝገብ ደግሞ ቤቱን የሰጠሽ አካል «አዎ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ እኔ ዘንድ ትኖራለች» ብሎ የፈረመበት ቅጽ ያስፈልጋል። ስሙ ረጅም ነው፦ ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ። ስሙን መጥራት ባትችዪ አትጨነቂ፤ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ ያዢና አሳዪ። ዶርም ይህን ቅጽ እንደ መደበኛ ሥራው ይሰጣል። በቀን ሒሳብ የሚከራዩ የእንግዳ ክፍሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሰጡም። ስለዚህ «ለጊዜው እንግዳ ቤት ልረፍና ተረጋግቼ ቤት ልፈልግ» የሚለው ሐሳብ አዲስ አበባ ሆነሽ ስታስቢው ልክ ይመስላል፤ እዚያ ስትደርሺ ግን ለስንት ሳምንት ያለ ወረቀት ያስቀምጥሻል።

ወደ አክስትሽ ልጅ አፓርታማ ልምጣ። በቅንነት እንዳደረገው አልጠራጠርም። ግን የገለጽሽው ነገር በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የሚመጣብኝ ታሪክ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ዋጋው ከከተማው ዋጋ በታች ነው። ባለቤት ነኝ የሚለው ሰው ለሥራ ሌላ አገር ሄጃለሁ ይላል፤ ቤቱን የሚያሳይ ሰው የለውም። «ቀብዱን ስትልኪ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ» ይላል፤ ፈላጊ ብዙ ስለሆነ እስከ ነገ ወስኚ ብሎም ያጣድፋል። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ቁልፍም ባለቤትም የለም። በጀርመን ሕግ የመኖሪያ ቤት ማስያዣ ከ3 ወር መነሻ ኪራይ (የማሞቂያና የውኃ ሳይጨመር) መብለጥ አይችልም፤ ተከራይዋም ከፈለገች በ3 ጊዜ ከፍላ መጨረስ ትችላለች። ደንበኛ አከራይ ይህን ያውቃል። አንቺ ቤቱን ሳታዪ፣ ውል ሳትፈርሚ አንድ ዩሮ እንዳትልኪ። ለአክስትሽ ልጅም ምክንያቱን ነግረሽ አመስግኚው፤ ቅር እንዳይለው።

አሁን ጥያቄሽ ውስጥ ያየሁትን አንድ ክፍተት ልንገርሽ። በመስቀል ማግስት ሌሊት ከተነሣሽ ፍራንክፈርት የምትደርሺው ሴፕቴምበር 29 ማለዳ ነው። የዶርም ውልሽ የሚጀምረው ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 ነው። ሁለት ሌሊት የት ታድሪያለሽ? በዚያ ላይ የዶርም ቁልፍ የሚያስረክበው የሕንፃው ተጠሪ (ሐውስማይስተር ይሉታል) ሲሆን እሱም በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት ነው የሚገኘው። ቅዳሜ ከሰዓት ሻንጣሽን እየጎተትሽ ብትደርሺ በሩን የሚከፍትልሽ የለም። ኦክቶበር 3 የጀርመን ውሕደት ቀን ስለሆነ አገሩ በሙሉ ዝግ ነው። ኦክቶበር 1 ራሱ ቅዳሜ ወይም እሑድ የሚውልበት ዓመት ከሆነ ቁልፉ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሻገራል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለዶርሙ ኢሜይል ጻፊ። ቁልፉን ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ማስያዣው ከመግባትሽ በፊት ተከፍሎ ማለቅ እንዳለበት፣ ሁለት ቀን ቀድሞ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። አይቻልም ካሉ ወይ ትኬትሽን ግፊው፣ ወይ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ለሁለት ሌሊት አልጋ ያዢ። እኔን ብትጠይቂኝ ትኬቱን መግፋት ይሻላል። ሌሊቱን በረራ ላይ አድረሽ፣ ጠዋት ባቡር ይዘሽ፣ ከሰዓት ቁልፍ ተቀብለሽ የራስሽ አልጋ ላይ መተኛት ለመጀመሪያ ቀን ትልቅ ዕረፍት ነው።

ባቡሩንም ከዚህ ሆነሽ አስቢበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍራንክፈርት ይበራል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትወጪ የረጅም ርቀት ባቡር ጣቢያ አለ። ላይፕዚግ በፈጣኑ ባቡር ከ3 ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። ርካሹ ትኬት ግን ከአንድ ባቡር ጋር የታሰረ ነው። አውሮፕላንሽ ቢዘገይ ወይም የፓስፖርቱ ሰልፍ ቢረዝም ትኬቱ ይቃጠላል። ወይ ከማረፊያ ሰዓትሽ ቢያንስ 3 ሰዓት ርቆ የሚነሣውን ቁረጪ፣ ወይ ትንሽ ጨምረሽ በማንኛውም ባቡር የሚያስኬደውን ግዢ። ለፓስፖርት ተቆጣጣሪው የምታሳዪአቸው ወረቀቶች፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ፣ የብሎክድ አካውንቱ ማረጋገጫ፣ ኢንሹራንሱና የዶርሙ ውል፣ በእጅ ቦርሳሽ ይሁኑ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይግቡ።

ቀጥሎ ጊዜ ሰጥቼ የምጽፍልሽ ስለ ስምሽ ነው፤ ተማሪዎቻችን ከሁሉ በላይ የሚቸገሩበት እዚህ ላይ ነው፤ ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ግን እምብዛም የለም። ፓስፖርትሽን አውጪና ፎቶሽ ያለበትን ገጽ ግርጌ ተመልከቺ። በማሽን የሚነበቡ ሁለት መስመሮች አሉ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ከአገራችን ኮድ ቀጥሎ ስም ይመጣል፤ ከዚያ << የሚል ድርብ ምልክት አለ። ከድርብ ምልክቱ በፊት ያለው ስም የትም ብትሄጂ የቤተሰብ ስምሽ ተብሎ ይያዛል፤ ከእሱ በኋላ ያሉት የራስሽ ስሞች ናቸው። ለምሳሌ ስምሽ ሰላም በቀለ ወልዴ ቢሆንና ከምልክቱ በፊት ያለው ወልዴ ቢሆን፣ ላይፕዚግ ውስጥ አንቺ «ፍራው ወልዴ» ነሽ። ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቂ የሚጠሩት በአያትሽ ስም ነው። መጀመሪያ ላይ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎሽ ዝም ልትዪ ትችያለሽ፤ ጆሮሽን ከአሁኑ አስለምጂው።

ችግሩ የሚመጣው ዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ላይ የአባትሽን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሞልተሽ ከነበረ ነው፤ ብዙዎች እንደዚያ ያደርጋሉ። የጤና መድን ድርጅቱ መድን መግባትሽን ለዩኒቨርሲቲው የሚያሳውቀው በኮምፒውተር ነው። አንዱ ዘንድ በቀለ፣ ሌላው ዘንድ ወልዴ ከሆንሽ መልእክቱ ባለቤት ያጣል፤ ምዝገባሽም እዚያው ይቆማል። የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው። ጥር 12 ቀን 1993 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 2001 ነው ልደቷ። አንዱ ሰነድ ተቀይሮ፣ ሌላው ሳይቀየር 12/05/1993 ተብሎ ከወጣ ለጀርመኑ ጸሐፊ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናችሁ። ዛሬ ማታ ፓስፖርትሽን፣ ዲግሪሽን፣ የልደት ምስክር ወረቀትሽንና የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና ፊደል በፊደል አመሳክሪ። የሚለይ ነገር ካለ ፓስፖርቱን አያይዘሽ ለዩኒቨርሲቲው ጻፊና ከመሄድሽ በፊት አስተካክዪ። በኢሜይል የሚያልቀው ነገር እዚያ ስትደርሺ በቀጠሮ ይሆናል።

ስሙን ከያዝን አይቀር ስለ ፖስታ ሳጥን ልጨምር። እኛ ፖስታ የምንቀበለው ሳጥን ቁጥር ተከራይተን ነው፤ የቀረውን «በር ላይ ነኝ፣ ውጪ» እያልን በስልክ እንጨርሳለን። ጀርመን ግን ዛሬም የሚተዳደረው በደብዳቤ ነው። የባንክ ካርድሽ በአንድ ፖስታ፣ የሚስጥር ቁጥሩ በሌላ ቀን በሌላ ፖስታ ይመጣል። የግብር ቁጥሩም፣ የመድን ካርዱም፣ የቀጠሮ ወረቀቱም እንደዚያው። ፖስተኛው ደብዳቤውን የሚጥለው በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም አይቶ ነው። ዶርም ላይ የክፍል ቁጥር ቢኖርም ስምሽ ከሌለ ደብዳቤው ተመልሶ ይሄዳል፤ መመለሱንም የሚነግርሽ የለም። የሕንፃው ተጠሪ ስምሽን የሚለጥፈው ከስንት ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን ክፍልሽ በገባሽበት ምሽት ጠባብ ወረቀት ቀደሽ ሦስቱንም ስምሽን በላቲን ፊደል በደማቅ እስክሪብቶ ጻፊ፣ በፕላስተር ሸፍነሽ ሳጥኑ ላይ ለጥፊ፤ የበሩ ደወል ላይም ድገሚው። እስክሪብቶውንና ፕላስተሩን ከዚህ ይዘሽ ሂጂ፤ ያን ምሽት ሱቅ ፍለጋ አትዞሪም። በሳምንቱ መጨረሻ በዚያ ሳጥን ውስጥ ለአንቺ የተጻፈ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስታገኚ ምን ያህል ደስ እንደሚልሽ ታዪዋለሽ።

ከሚመጡት ደብዳቤዎች አንዱ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ የሚጠይቅ ነው። ቴሌቪዥን የለኝም ብለሽ እንዳትጥዪው። ክፍያው በቤት የሚታሰብ ሲሆን በወር 18.36 ዩሮ ነው። ከሌሎች ጋር አንድ ቤት የምትጋሩ ከሆነ አንዳችሁ ከፍላችሁ ትካፈላላችሁ፤ ከዚያ ለደብዳቤው የከፋዩን ቁጥር ጠቅሰሽ መልስ ትሰጪያለሽ።

ቡርገርቢሮ የምትሄጂው በኢንተርኔት ቀጠሮ ይዘሽ ነው፤ ቀጠሮውን ከአዲስ አበባ ሆነሽም መፈለግ ትችያለሽ። ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ አለ። በጀርመን የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አባላት ከገቢ ግብራቸው ላይ ተጨማሪ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይቆረጥባቸዋል፤ ላይፕዚግ ባለችበት በዛክሰን ግዛት የገቢ ግብሩ 9 በመቶ ነው። ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ይህ አይመለከትሽም። የወንጌላውያን አማኝ ከሆንሽ ግን ሳትጠይቂ «ኤቫንጌሊሽ» የሚለውን አትሙዪ፤ እዚያ ይህ ማለት ግብሩን የምትሰበስበው የአገሩ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ ማለት ነው። ገቢ ሳይኖርሽ ግብሩ አይቆረጥም፤ ግን አንዴ የተመዘገበው ሥራ ስትይዢም አብሮሽ ይሄዳል።

ስለ ገንዘብ። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለተማሪ ቪዛ የሚጠየቀው ተቀማጭ በዓመት 11,904 ዩሮ፣ በወር 992 ዩሮ ነው። ይህ ገንዘብ ግን እስክትመዘገቢና ሒሳብ እስክትከፍቺ ድረስ ስልክሽ ላይ የምታዪው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ኪራይ፣ ላልተከፈለ ማስያዣ፣ ለጤና መድንና ለ6 ሳምንት ምግብ የሚሆን በእጅሽ ይኑር፤ ከ1,200 ዩሮ ባያንስ እመክራለሁ። የውጭ ምንዛሪውን ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አቅርበሽ ከባንክ ግዢና ደረሰኙን ያዢ። ገንዘቡን ሁሉ አንድ ቦርሳ ውስጥ አታድርጊው። ከ30 ዓመት በታች ከሆንሽ ሕዝባዊው የጤና መድን በተማሪ ዋጋ ይቀበልሻል፤ በወር ከ140 ዩሮ በላይ ነው። ከምሳና ከኪራይ ቀጥሎ ትልቁ ወጪሽ እሱ ስለሆነ በጀትሽ ውስጥ ከአሁኑ አስገቢው።

አሁን ወደ እናትሽ ጓዳ። ቅቤውንና ቋንጣውን ይተዉት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይችልም፤ ጥቂት ነው፣ ለራሴ ነው ቢባልም አይሆንም። አይብም እንደዚያው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ደርቀውና ተፈጭተው በደንብ ከታሸጉ ችግር የለባቸውም። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። የእናትሽን ቅቤ መዓዛ ለማግኘት ግን ሌላ መንገድ አለ፦ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና አብሹን አድርቀሽ ውሰጂና እዚያ ጨው የሌለበት የሱፐርማርኬት ቅቤ ገዝተሽ አንጥሪው። እናትሽ አጠገብ ቆመሽ አንድ ጊዜ በእጅሽ አንጥሪ፤ በቪዲዮ ከመማር ይህ ይበልጣል። ጤፍ ጤና ምግብ በሚሸጡ መደብሮች ይገኛል፤ ዋጋው ግን የሚያስደነግጥ ነው። ምስር፣ ቅመምና ጎመን ፍለጋ አይዘንባንሽትራሰ ወደሚባለው መንገድ ሂጂ፤ የስደተኞች ሱቆች የሞሉበት ሰፈር ነው፤ ግርግሩ አሮጌውን ፒያሳ ያስታውስሻል።

ቡና ከወሰድሽ ተቆልቶ ይሁን። ይህን የምለው ጀበናሽን እንዳትወስጂ አይደለም፤ ውሰጂው። ግን የጀርመን መኖሪያ ቤቶች በሙሉ ጣሪያቸው ላይ የጭስ ማንቂያ አላቸው። ጥሬ ቡና ቆልተሽ፣ እጣን ጨምረሽበት ዶርም ውስጥ ብትሞክሪው ሕንፃው በሙሉ በጩኸት ወደ ውጭ ይወጣል፤ እሳት አደጋ መኪና ከመጣም ሒሳቡ ወደ አንቺ ሊዞር ይችላል። የተቆላውን እዚያው ፍጪ፣ አፍዪ፣ የኮሪደርሽን ልጆች ጥሪ። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ያደረገች ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ የሚተረጉምላት ሰው አታጣም።

ለጿሚም ላይፕዚግ አታስቸግርም። በዩኒቨርሲቲው መመገቢያ (ሜንዛ ይሉታል) በተማሪ ካርድ ምሳ በቅናሽ ነው፤ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም። እሑድ ሱፐርማርኬት ሁሉ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ሸምቺ፤ ድንገት ቢጎድልብሽ ዋናው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ክፍት የሚሆን ሱቅ አለ። የቧንቧው ውኃ ይጠጣል። ትራም ላይ ረዳትም ትኬት የሚፈትሽ በርም የለም፤ ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ። ተቆጣጣሪዎቹ ግን እንደ ተሳፋሪ ለብሰው ይመጣሉ፣ ትኬት የሌለው 60 ዩሮ ይከፍላል። ከተማሪነት ክፍያሽ ጋር የሚመጣው ትኬትም የሚሠራው ሴሚስተሩ ከሚጀምርበት ከኦክቶበር 1 ነው፤ ከዚያ በፊት ከደረሽ ግዢ።

ሰዓቱን ተጠንቀቂ። ቀጠሮ 8፡30 ካሉሽ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ስልክሽን ባለ 24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ አድርጊውና ከሰው ጋር ስትቀጣጠሪ በእነሱ ብቻ አስቢ፤ በሁለቱ መካከል እያመላለሱ ማስላት ነው ሰውን የሚያሳስተው። ስትደርሺ ከአዲስ አበባ የምትለዪው በ1 ሰዓት ነው፤ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ግን ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ልዩነቱ 2 ሰዓት ይሆናል። እናትሽ ያን ሰሞን «ምነው ዛሬ ዘገየች» ብለው እንዳይጨነቁ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

የጠየቅሽው ብርድ ያን ያህል አያሳስበኝም፤ ወፍራሙን ካፖርት እዚያው ግዢ፣ የእኛ ገበያ ጃኬት ለዚያ ክረምት አልተሠራም። የሚያሳስበኝ ጨለማው ነው። አዲስ አበባ በጋም ክረምትም 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን ነው፤ ሰውነታችን ሌላ አያውቅም። ላይፕዚግ ላይ በዲሴምበር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ ነው፤ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ከተማሪዎች የምሰማው ሁሌም ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በሩጫ ያልፋል፣ ሁሉም አዲስ ነው። ሐዘኑ የሚመጣው ወረቀቱ አልቆ ትምህርቱ ሲደላደል፣ ከኅዳር ገደማ ጀምሮ ነው። እንቅልፍ ይበዛል፣ ከክፍል መውጣት ይከብዳል፣ ስልክ ሲደወል አይነሣም። ያን ጊዜ «ሰነፍኩ» ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ቀን ላይ ብርሃን ሳለ ውጪ፣ ሳምንታዊ የሆነ አንድ ነገር (መዘምራን፣ ስፖርት፣ የቋንቋ ክፍል) ከኦክቶበር ጀምሮ ያዢ። የተማሪዎች አገልግሎቱ ነፃ የሥነ ልቦና ምክር አለው፤ እሱን መጠቀም ነውር አይደለም፣ ከትምህርትም አያስቀርም። ለቤተሰብ ስትደውዪም የምግቡን ፎቶ ብቻ አታሳዪ። የከበደሽ ቀን እንደከበደሽ ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከወጣሽ በሦስተኛው ሳምንት ከዘመድ ወገን «ትንሽ ነገር ላኪልን» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ብሎክድ አካውንቱ ውስጥ ያለው የአንቺው ኑሮ ነው። ለተማሪ የሚፈቀደው ሥራ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ነው፤ እሱም ቋንቋና ጊዜ ይፈልጋል። ከመሄድሽ በፊት ወላጆችሽን አስቀምጠሽ በወር 992 ዩሮ ውስጥ ኪራይ፣ መድንና ምግብ ምን ያህል እንደሚወስዱ በወረቀት ጽፈሽ አሳዪአቸው። ቁጥሩን ያየ ወላጅ ዘመዱን ራሱ ይመልሳል።

ከተማዋ ለእኛ ሰው ጨርሶ ባዕድ አይደለችም። በደርግ ዘመን ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩት ተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ጀርመንኛ የተማሩት ላይፕዚግ በሚገኘው በሄርደር ተቋም ነው። አምስት ኪሎ ያለው የካርል ማርክስ ሐውልት ከዚያው ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ስጦታ ነው። ከእነዚያ ሰዎች አንዱን ሰፈርሽ ውስጥ ካገኘሽ ቁጭ ብለሽ ጠይቂው፤ የቢሮ አሠራሩ ተቀይሯል፣ የሰዉን ጠባይ ግን ከእነሱ የተሻለ የሚነግርሽ የለም።

ከመሄድሽ በፊት እዚህ የሚቀሩሽ ሁለት ነገሮች አሉ። ውልና ማስረጃ ሄደሽ ለእናትሽ ውክልና ስጪ፤ ባንክሽን፣ ትምህርት ማስረጃሽንና የመንግሥት ቢሮ ጉዳይሽን እንዲያስፈጽሙልሽ በዝርዝር ይጻፍ። እዚያ ከሄድሽ በኋላ ለዚህ አንድ ወረቀት በርሊን ኤምባሲያችን ወይም ፍራንክፈርት ቆንስላችን ድረስ መሄድ ይመጣል። ሁለተኛ፣ የባንክሽና የቴሌብርሽ ማረጋገጫ ቁጥር የሚገባው በአሁኑ ስልክ ቁጥርሽ ነው። ሲም ካርዱን አትጣዪው፤ ወይ ሁለት ሲም በሚይዝ ስልክ ውሰጂው፣ ወይ እናትሽ ዘንድ ተሰክቶ ይቆይ።

የመኖሪያ ፈቃዱን ማመልከቻ ቪዛሽ ሳያልቅ ማስገባት አለብሽ፤ በመጀመሪያው ወር ብታስገቢው ይመረጣል፣ ምክንያቱም የውጭ ዜጎች ቢሮው ቀጠሮ ይርቃል። ቪዛሽ ሳያልቅ ካመለከትሽ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቆይታሽ ሕጋዊ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ለዚህም ማስረጃ ወረቀት ይሰጡሻል። ካለቀ በኋላ ግን ይህ መብት የለም። በዚህ ጉዳይ ከዚያ ሆነሽ የምትጽፊልኝ ከሆነ ፓስፖርትሽ ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያበቃበትን ቀንና ያመለከትሽበትን ቀን ጨምሪበት፤ መልሴ የሚወሰነው በእነዚያ ሁለት ቀኖች ነው።